ስኳር ያለባት ሴት ልቧን የት ትከታተል? ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክ፣ ሆስፒታልና የቤት መለኪያ ሲነጻጸሩ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ፣ አለዚያም ወጣ ብሎ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ የምትኖር ሴት «ስኳር አለብሽ» ከተባለችበት ቀን ጀምሮ ምክር ይበዛባታል። አንዷ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ታመሰግናለች፣ ሌላዋ አስፋልት ዳር ያለውን ክሊኒክ። ልጆቿ «ትልቅ ሆስፒታል ካልሆነ» ይላሉ። መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ማሽን ገዝታ ቤቷ እንድትለካ ይመክራታል። አራቱም በየቦታቸው ያገለግላሉ። የሚያከስረው አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ነው።

ለምን ልብ?

ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 64 ጥናቶችንና ከ850 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ ስኳር ያለባት ሴት በልብ የደም ሥር መጥበብ የመያዝ ዕድሏ ስኳር ከሌለባት ሴት 2.8 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በወንዶች ይኸው ንጽጽር 2.2 እጥፍ አካባቢ ነው። የወር አበባ እስኪቋረጥ ድረስ ሴት ከወንድ ይልቅ ከልብ ሕመም የተጠበቀች መሆኗ ይታወቃል፤ ስኳር ሲገባ ግን ይህ ጥበቃ አብዛኛው ይጠፋል። በዚያ ላይ በብዙ አገር እንደታየው ስኳር ላለባቸው ሴቶች የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚታዘዘው ከወንዶቹ ባነሰ መጠን ነው።

ስለዚህ «ስኳሬ 110 ገብቷል» ብላ የተደሰተች ሴት ግፊቷ 158/96 ከሆነና ኮሌስትሮሏን ማንም አይቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ገና ግማሽ ክትትል ላይ ነው ያለችው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያውና ከባዱ መስፈርት አራቱ ቁጥሮች ናቸው፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል እና ኩላሊት። አራቱም በአንድ ደብተር ላይ፣ በአንድ ባለሙያ ዓይን ሥር መገናኘት አለባቸው። ስኳሩ አንድ ቦታ፣ ግፊቱ ሌላ ቦታ፣ የኩላሊቱ ውጤት ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ማንም ሙሉውን ሥዕል አያይም።

ሁለተኛው፣ የሴትነት ታሪክ ይጠየቃል ወይ? በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት ነበር? በእርግዝና ግፊቷ ጨምሮ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኝቶ ያውቃል? የወር አበባዋ ከ45 ዓመት በፊት ቆሟል? ምን ዓይነት የወሊድ መከላከያ ትወስዳለች? እነዚህ ለወሬ የሚጠየቁ አይደሉም። በእርግዝና ወቅት የመጣ ግፊትና ፕሮቲን ከዓመታት በኋላ የሚመጣን የልብ ሕመም ዕድል በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል።

ሦስተኛው መድኃኒቱ በየወሩ ሳይቋረጥ መገኘቱ ነው። አራተኛው ወጪ ነው፤ የካርዱ ብቻ ሳይሆን የታክሲው፣ የቀረው የሥራ ቀንና ልጅ የሚጠብቅ ሰው ጭምር። አምስተኛው ቀጣይነት፦ ዛሬ ያየኋት ባለሙያ ከሦስት ወር በኋላም ታየኛለች ወይስ ሁሌ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ከሚለው ልጀምር ነው? የመጨረሻው ድንገት ቢብስ ወዴት ይልካሉ የሚለው ነው።

ጤና ጣቢያ

ለአብዛኛዋ ሴት መሠረቱ እዚህ ቢሆን ይሻላል ብለን እናምናለን። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ላላት ደግሞ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲኖሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ታገኛለች። ሥር የሰደዱ ሕመሞች የሚታዩበት ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ ከሆነ ካርዷ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ቀጠሮዋም ይታወቃል። የግፊት መለኪያ፣ ሚዛን፣ የጾም ስኳርና ሽንት ውስጥ የሚነከር ወረቀት አይጠፋም።

ድክመቱም ይታወቃል። የኮሌስትሮል፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬቲኒንና የሦስት ወር ስኳር የሚባለው የኤዋንሲ (HbA1c) ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የለም፣ ወይም ማሽኑ ኖሮ ኬሚካሉ አልቋል። የኮሌስትሮል መድኃኒትም አንዳንድ ጊዜ ከመደርደሪያው ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያደሰው የልብ ሥጋት ማስያ ሰንጠረዥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት አይፈልግም፤ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ማጨስን፣ የላይኛውን ግፊትና ክብደት ከቁመት ጋር ያለውን ምጣኔ ብቻ ያያል። ሁለተኛው ስኳርንና ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ይጨምራል። ስኳር ያለባት ሴት በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ከተሰላች ስኳሯ ጭራሽ አይቆጠርላትም፤ ሥጋቷ ዝቅ ብሎ በ«ደህናዎቹ» ቀለም ላይ ትወድቃለች። ባለሙያው ወረቀቱን ሲያወጣ «ስኳር የተካተተበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዕድሜዋ 40 የሞላና ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ኮሌስትሮሏ «ብዙም አይደለም» ቢባልም እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ስለመጀመር ልታነጋግር ይገባል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለዚህ ዕድሜ የሚመክሩት ይህንን ነው።

የመድህን ደብተሩ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደብተሩ የሚሠራው የተመዘገቡበት አስተዳደር ውል ባሰራቸው ተቋማት ነው። በዳርቻው ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል፦ ቤቱ በአንዱ አስተዳደር፣ ምዝገባው በሌላው፣ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ይሆናል። ከመታመም በፊት ደብተሩን ይዞ ሄዶ «እዚህ ይሠራል? ሪፈራል የምትጽፉት ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሪፈራል ሳይያዝ በቀጥታ ሆስፒታል መግባት ሽፋኑን ያሳጣል ወይም ይቀንሳል። የዕድሳት ጊዜውም እንዳያልፍ።

የግል ክሊኒክ

የግል ክሊኒክ ትልቁ ጥንካሬ ላቦራቶሪው ነው። ጠዋት ደም ሰጥቶ ከሰዓት ውጤት መውሰድ ይቻላል፤ ቅዳሜም፣ አንዳንዱ ጋ እሑድም። ቂሊንጦ ወይም ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራና በሥራ ቀን ፈቃድ የማታገኝ ሴት ሌላ አማራጭ ላይኖራት ይችላል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሐኪሙ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ ጉብኝት ከዜሮ ይጀምራል፤ አዲሱ ሐኪም የድሮውን መድኃኒት ስም ሳያይ ሌላ ይጨምራል። አምሎዲፒንን በሁለት የንግድ ስም እየዋጠች እግሯ ያበጠ ሴት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው «ሙሉ ቼክአፕ» የሚባለው ጥቅል ነው። በጥቅሉ ውስጥ የታይፎይድ የዊዳል ምርመራ ወይም የጨጓራ ባክቴሪያ የሚታይበት ኤች ፓይሎሪ ካለ ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል፣ ለልብ ጥያቄ ግን መልስ የለውም። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥታ ክሬቲኒን ያልታየላት ሴት ገንዘቧን ከጣራ ጀምራ ቤት ሠርታበታለች።

ብልሁ አጠቃቀም ክሊኒኩን እንደ ላቦራቶሪ መጠቀም ነው፦ ጤና ጣቢያው ያላገኘውን ምርመራ በወረቀት ያዝዛል፣ ክሊኒኩ ይሠራል፣ ውጤቱ ወደ ጤና ጣቢያው ካርድ ይመለሳል። ዋናውን ወረቀት ይቀበሉ፤ በስልክ የተነገረ ውጤት ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ገንዘብ ሲያንስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ግፊት፣ የወገብ ዙሪያና የሽንት ወረቀት ምንም ያህል አያስወጡም፤ የሴት ወገብ ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሥጋቱ መጨመር ጀምሯል። መጀመሪያ ብር የሚወጣበት ክሬቲኒንና የኮሌስትሮል ዝርዝር ነው፣ ሁለቱም በዓመት አንድ ጊዜ። ለኮሌስትሮል መጾም የግድ አይደለም፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ400 በላይ ከሆነ ግን በስሌት የሚገኘው ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) ስለማይታመን ተጹሞ ይደገማል። ቀጥሎ ኤዋንሲ ነው፣ ስኳሩ ልክ ከሆነ በየ6 ወሩ፣ ካልሆነ በየ3 ወሩ። ለብዙዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው።

ኤዋንሲ ላይ ሴቶችን በተለይ የሚነካ ወጥመድ አለ። የወር አበባዋ የሚበዛባት ወይም በማሕፀን እጢ ምክንያት ደም የሚፈሳት ሴት የብረት እጥረት ካለባት ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። በቅርቡ ብዙ ደም ከፈሰሳት ወይም ደም ከተሰጣት ደግሞ ዝቅ ይላል። በእርግዝናም አያስተማምንም። ስለዚህ ከኤዋንሲው ጋር የሄሞግሎቢን ቁጥር አብሮ ይታይ፤ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ካለ የጾም ስኳርን ማመን ይሻላል።

ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ምርመራ) ከ40 ዓመት በላይ ለሆነች ወይም ግፊት ላለባት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢቀመጥ ለወደፊት ማነጻጸሪያ ይሆናል። ነገር ግን ንጹሕ ኢሲጂ የደም ሥር አልጠበበም ማለት አይደለም። ኢኮም የልብን አመታትና ቫልቮቹን ያሳያል እንጂ የደም ሥሩ መዘጋቱን አያሳይም። ትንፋሽ የሚያጥራት፣ እግሯ የሚያብጥ ወይም በማዳመጫ ያልተለመደ የልብ ድምፅ የተሰማባት ሴት ግን ኢኮ ያስፈልጋታል። እኛ አገር ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ የቫልቭ ሕመም ስላለ ሁሉም የትንፋሽ ማጠር ከስኳር አይደለም።

ሆስፒታል

እዚህ አጭር እንሁን። ሆስፒታል የተረጋጋች ሴት መድኃኒት ለማስሞላት ብቻ ሁለትና ሦስት ታክሲ የምትለዋውጥበት ቦታ መሆን የለበትም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ቀጠሮው ይርቃል፣ ከመንገዱ ድካም የተነሣ ቀጠሮዋን የምትዘል ሴት ብዙ ናት።

የሚያስፈልገው እነዚህ ሲሆኑ ነው፦ ስትራመድ ወይም ዳገት ስትወጣ የሚመጣና ስታርፍ የሚተው የደረት መጨነቅ፤ ሁለት የግፊት መድኃኒት በትክክል እየወሰደች የላይኛው ከ160 አልወርድ ሲል፤ ክሬቲኒን ሲጨምር ወይም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲደጋገም፤ የማይድን የእግር ቁስል፤ የዓይን ብዥታ፤ ዓይነት 1 ስኳር፤ እና እርግዝና። ከአቃቂና ከቱሉ ዲምቱ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከሰበታ መንገድ አለርት፣ ከቡራዩ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ፣ ከሱሉልታ በኩል ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ከምሥራቁ ዳርቻ ኤካ ኮተቤ በአቅጣጫ ይቀርባሉ። መድህን ያላት ግን የምትሄደው ሪፈራሉ ወደሚልካት ነው።

ከሆስፒታል ስትመለስ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ የመልስ ወረቀት ትጠይቅ። ይህ ወረቀት ከሌለ ጤና ጣቢያው የድሮውን መድኃኒት መስጠቱን ይቀጥላል።

ድንገተኛው ለብቻው ነው። በሴትም ቢሆን ዋናው ምልክት የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ ነው፤ ነገር ግን ሴቶች ላይ፣ በተለይ ስኳር ነርቩን ከነካው፣ ያለ ደረት ሕመም በትንፋሽ ማጠር፣ ባልተለመደ ድካም፣ በማቅለሽለሽ፣ በብርድ ላብ፣ በመንጋጋ ወይም በጀርባ ሕመም ብቻ ሊመጣ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ በቤት የሚታደር ሌሊት እዚህ ላይ አደገኛ ነው። እንዲህ ሲሆን ጤና ጣቢያ ደርሶ ሪፈራል መጠበቅ አያስፈልግም፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ ይደወላል።

የቤት መለኪያ

ሁለት ማሽን አለ፣ ሰው ግን አንዱን ብቻ ያስባል። ስኳር ያለባት ሴት መጀመሪያ የምትገዛው የስኳር መለኪያውን ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የምትውጥ ከሆነች በእኛ ግምት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም ስለማያወርድ በየቀኑ ጣት መውጋት ብዙ አይለውጥም፤ የደሙን ጠብታ የሚቀበለው ስትሪፕ ግን በየወሩ ገንዘብ ይበላል። የግፊት ማሽን አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፣ የሚለካውም ልብንና አንጎልን በቀጥታ የሚጎዳውን ነገር ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስድ ሴት ግን የስኳር መለኪያው ግዴታዋ ነው።

የግፊት ማሽን ሲገዛ ክንድ ላይ የሚታሰረው ይመረጥ። አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ይመቻል፣ እጅ ትንሽ ከልብ ከፍና ዝቅ ሲል ግን ውጤቱ ይዛባል። ማሰሪያው ከክንድ ጋር መመጣጠኑን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዶ በትከሻና በክርን መካከል ያለውን የክንድ ዙሪያ መለካት ነው። አብዛኛው መደበኛ ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይላል። ክንዷ 36 የሆነ ሴት በዚህ ከተለካች ግፊቷ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ያለ ምክንያት መድኃኒት ይጨመርባታል። ለእሷ እስከ 42 የሚደርስ ሰፊ ማሰሪያ ያስፈልጋል። መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ ድንጋይም የሚሠራውን ይምረጡ። ከተገዛ በኋላ ጤና ጣቢያ ይዞ ሄዶ በእነሱና በራስ ማሽን ተራ በተራ መለካት ነው፤ ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ካለፈ ማሽኑ ይመለስ።

አለካኩ ከማሽኑ ያልተናነሰ ይወስናል። ቡና ከጠጡ፣ ከተራመዱ ወይም ሲጋራ ካጨሱ 30 ደቂቃ ይለፍ። ሽንት ይሸና። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይጣመር 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው፤ በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ የታሰረ አይቆጠርም። እየተለካ አይወራም። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይለካና የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀሪው አማካይ ይያዛል። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። በሕክምና ላይ ላለች፣ ስኳር ላለባት ሴት የሚፈለገው በተቋም ሲለካ ከ130/80 በታች ነው።

የስኳር መለኪያ ሲመረጥ መጀመሪያ ማሽኑን ሳይሆን ስትሪፑን ይጠይቁ። ማሽኑ በርካሽ፣ እንዲያውም በነፃ ይሰጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ስትሪፑ ከሰፈር ጠፍቶ መሀል ከተማ ፍለጋ ይወጣል። ቢያንስ ሁለት ቅርብ መድኃኒት ቤት የሚሸጡትን ዓይነት ይግዙ፤ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ዋጋ መጠየቅም አይከፋም። ጥሩ የሚባለው ማሽን እንኳ ከላቦራቶሪ እስከ 15 በመቶ ሊለይ ስለሚችል ትናንት 140፣ ዛሬ 152 መሆኑ ለውጥ አይደለም። ማሽኑ 7 ብሎ ካሳየ በሌላ መለኪያ (mmol/L) ነው፤ በ18 ሲባዛ 126 (mg/dL) ይሆናል። እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ብርቱካን የላጠ ጣት ስኳርን በሐሰት ያሳድጋል። የስትሪፑ ቆርቆሮ ሁሌ ይከደን።

ከ70 በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። በጾም ወቅት ይህ ይበዛል። ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ውጣ እስከ 9 ሰዓት እህል የማትቀምስ ሴት ስኳሯ ሊወድቅ ይችላል፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱንና መጠኑን ከባለሙያ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ጠበል የምትሄድም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መስፈርት | ጤና ጣቢያ | የግል ክሊኒክ | ሆስፒታል | ቤት |
|---|---|---|---|---|
| ስኳር | የጾም ስኳር አለ | ሁሉም አለ | ሁሉም አለ | በጣት፣ ስትሪፕ ከተገኘ |
| ደም ግፊት | በየጉብኝቱ | አለ፣ ካልጠየቁ ሊዘለል ይችላል | አለ | ከሁሉ የተሻለ፣ በትክክል ከተለካ |
| ኮሌስትሮልና ኩላሊት | ብዙ ጊዜ ይጎድላል | በዕለቱ | አለ፣ ወረፋ አለው | የለም |
| የእርግዝናና የወሊድ ታሪክ | ካርዱ እዚያው ስለሆነ ቅርብ ነው | ራስዎ ካልተናገሩ አይታወቅም | በሪፈራል ከተጻፈ | ደብተር ላይ ይጻፍ |
| የመድኃኒት አቅርቦት | በመድህን፣ አልፎ አልፎ ይቋረጣል | በግዢ | ድብልቅ | አይመለከተውም |
| የሚያስወጣው ብርና ጊዜ | ትንሽ | ብር ይበዛል፣ ጊዜ ይቆጥባል | መንገድና ሙሉ ቀን | መነሻ ወጪ፣ ከዚያ ስትሪፕ |
| ቀጣይነት | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ | በራስዎ እጅ |

ለማን የትኛው?

መድህን ላላት፣ ገቢዋ አነስተኛ ለሆነና ሜትፎርሚን ብቻ ለምትወስድ፦ ጤና ጣቢያ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ክሬቲኒንና ኮሌስትሮል በግል ላቦራቶሪ። ብር ከተረፈ የግፊት ማሽን፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ መግዛትም ይቻላል፣ የክንዳቸው ልክ ከተቀራረበ።

በሥራ ቀን መውጣት ለማትችል፦ አንድ ክሊኒክ፣ በተቻለ መጠን አንድ ሐኪም፣ ቅዳሜ። የሦስት ወር ማዘዣ ትጠይቅ፤ መድኃኒቶቿን በሳጥናቸው ይዛ ትሂድ እንጂ ስማቸውን በቃል አትናገር።

ከ60 በላይ ለሆነች፣ ግፊትም ላለባት፣ ልጆቿ ለሚያሳክሟት እናት፦ ልጆች ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ኢኮና ትልቅ ሆስፒታል ላይ ያውሉታል። ክንድ ላይ የሚታሰር ማሽን፣ የማይቋረጥ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ በየወሩ ደግሞ አንድ ልጅ ደብተሩን ማየቱ ይበልጣል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣባት፣ ይህም በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ማቆም ሳይሆን በሌላ እንዲቀየርላት መጠየቅ ነው። አስፕሪን «ደም ያቀጥናል» ተብሎ በራስ አይጀመርም፤ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ላልደረሰባት የመድማት ጉዳቱ ጥቅሙን ሊበልጥ ይችላል።

ኢንሱሊን ለምትወጋ፦ የስኳር መለኪያ ቅድሚያ ያገኛል፣ ክትትሉም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ጋ ይሁን። ፍሪጅ ከሌለ የተከፈተው ብልቃጥ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ እንስራ ውስጥ፣ ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣራ ሙቀት ርቆ ይቀመጥና በ4 ሳምንት ይቀየር። በረዶ የነካው ይጣል።

በእርግዝና ስኳር ታይቶባት ከወለደች በኋላ «ጠፋ» ለተባለች፦ ዛሬ በሽተኛ አይደለችም፤ ወደፊት ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ግን ከሌሎች እናቶች ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ፣ ካልተገኘ በጾም ስኳር ትታይ። 126 ወይም በላይ ከሆነ ስኳር ነው፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ልክ ከሆነም ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ ይደገም። የሕፃኑ የክትባት ቀጠሮ እዚያው ጤና ጣቢያ ስለሆነ ለራሷም በዚያው ቀን ትጠይቅ።

የወሊድ መከላከያ ለምትወስድ፣ ስኳርና ግፊት ለተደረቡባት፦ ኤስትሮጅን ያለበት የየቀኑ እንክብል አይመከርላትም። በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌም ሥጋት ለተደራረበባት ሴት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ሉፕ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ይሻላታል፤ ሁለቱም በጤና ጣቢያ ይሰጣሉ።

ማርገዝ ለምታስብ፦ ከማርገዟ በፊት ወደ ሆስፒታል ሪፈራል ትውሰድ። ኢናላፕሪል ለፅንሱ ጎጂ ስለሆነ በሜቲልዶፓ ወይም በኒፌዲፒን ይተካል፤ አቶርቫስታቲንም ይቆማል። ይህን የሚያደርገው ሐኪሟ ነው፣ መድኃኒቱን በራሷ አውጥታ እንዳትጥል። ኤዋንሲዋ ከ6.5 በመቶ በታች እስኪወርድ ድረስ መከላከያዋን ትቀጥል፤ ፎሊክ አሲድም ቀደም ብላ ትጀምር። ሳታስበው የወር አበባዋ ከቀረ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሳምንት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።